ተጠቃሚ ካለ ይናገር

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እውነታቸውን ነው፤ አባቶች ግን ድራይቨር ጽፈው አያውቁም። በዚያ ሙያ ዝም ያለ ነገር መንቀዝ ብቻ ሳይሆን ተጠርጎ ይጣላል። ደንቡ እንዲህ ነው። አንድ አሮጌ ኮድ ባለቤቱ ጠፍቶ፣ አቤቱታ ቀርቦበት መልስ የሚሰጥ ሲታጣ፣ ከኮድ ጠራጊዎቹ አንዱ ለሁሉም ኢሜይል ይልካል። "ይህን ልናወጣው ነው፤ ተጠቃሚ ካለ ይናገር" ይላል። ቀን ይቆረጣል። ቀኑ ሳይደርስ አንድ ሰው ብቅ ብሎ "አለሁ" ካለ ኮዱ ይቆያል። ሁሉም ዝም ካለ ግን ዝምታው እንደ እሺታ ይቆጠርና ኮዱ ይሰረዛል። ክፋት የለበትም። ቤት ማጽዳት ነው።

እንዲህ ያለው ኢሜይል ሲደርስ ወንድምየው ሻይ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አነበበው። ሻዩን ጠጣ። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ እሱ ግን አላስተዋለም።

የሚጠረገው ኮድ የራሱ ነበር። ቪዲዮ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው ታምቆ ነው፤ ለማየት መልሶ የሚዘረጋው ያስፈልጋል። አሮጌ ማሽን ላይ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ልዘርጋ ካለ ይንተባተባል፤ ለምስል ተብሎ የተሠራው ግራፊክስ ካርድ ሲዘረጋው ግን እንደ ውሃ ይፈስሳል። ችግሩ ካርዱ የሚገባው በራሱ ቋንቋ ብቻ መሆኑ ነው። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም በኮምፒውተሩና በካርዱ መሀል ቆሞ ያስተረጉማል። እነዚያን አሮጌ ካርዶች የሠራቸውም ረስቷቸዋል። እንዴት እንደሚናገሩ በሙከራ ደርሶበት፣ አስተርጓሚውን ጽፎ፣ ለፈለገ ሁሉ በነፃ የለቀቀው ወንድምየው ነው። ደሞዝ የለውም። እልኸኛ ስለሆነ ብቻ ሠራው።

እናቱ በሕይወት ሳለች ለጎረቤት "ልጄ ድራይቨር ነው የሚሠራው" ብላ አውርታ መንደሩ ሁሉ ሾፌር አድርጎት ነበር። "የከተማ ነው የአገር አቋራጭ?" ብለው የጠየቋትም አሉ። እሷም ሳቋን ውጣ "ከቤት የማይወጣ መኪና ነው" ትላቸው ነበር።

እናትየዋ ከሞተች ወራት አልፈዋል። ወንድምየው አላለቀሰም። በቀብሩ ዕለት አክስቱ "አልቅስ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልህ!" ብላ ጎኑን ብትጎስመውም እንባ ከየት ይምጣ? ሐዘን ቢሆን ባወቀው ነበር፤ ሐዘን ያማል። እሱን ግን ምንም አያመውም። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋው ጉንጭ ሆኗል፤ ቢነክሱትም አይሰማም። ወደ ቢሮ ይሄዳል፣ የሰው ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ይመለሳል፣ ይተኛል። የእልኹን ሥራ ከተወው ቆይቷል።

ቤቱን የሚጋራው ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። እህትየዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ናት። ልጅ ሳለች እናትየዋ ከጎኗ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምልክት ቋንቋ አብራት ተምራለች። ወንድምየውስ? ወንድምየው "ብዪ"ን ያውቃል፣ "ነይ"ን ያውቃል፣ "ተኚ"ን ያውቃል፣ "ተይ"ን ያውቃል። በቃ። ይህቺ ለውሻም አትበቃም።

ቸግሮትም አያውቅ ነበር፤ ምክንያቱም እናት አለች። የምግብ ጠረጴዛው ሦስት ወንበር ነበረው፤ የመሀሉ የእናት ነው። የእህትየዋ እጅ ገና ሲነሳ ወንድምየው ፊቱን ወደ እናቱ ያዞራል። "ምን አለች?" ይላል፣ እጇ ሳይጨርስ። እናት ትነግረዋለች። አንዳንዴ የእህትየዋ እጅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ጣቷ ጠረጴዛውን ይመታል፤ የእናት ትርጉም ግን "እንዳትደክም ትላለች" ብቻ ይሆናል። "ይህ ሁሉ እጅ ለዚህች ነው?" ብሎ ይስቃል። እናትም አብራው ትስቃለች። እህትየዋ አትስቅም።

አሁን የመሀሉ ወንበር ባዶ ነው። ሁለቱ በስልክ ይጻጻፋሉ፤ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው። "ዳቦ አልቋል።" "እሺ።" "ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ነበር።" "እሺ።" የቤቱ ወሬ ይኸው ነው።

ወደ ኢሜይሉ እንመለስ። ወንድምየው ተጠቃሚ መኖሩን ያውቃል፤ አሳምሮ ነው የሚያውቀው! የእህቱ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ያለው ማሽን ሁሉ እሱ ከቢሮ የተጣለ ሰብስቦ፣ እናቱ ለምናው፣ በገዛ እጁ የገጠመው ነው። ሁሉም ላይ ያ ካርድ አለ። ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚያዩት በቪዲዮ ነው፤ አስተማሪዋ በእጇ ስትናገር ተቀርጾ። ኮዱ ከተሰረዘ አዲሱ የሲስተም ዝመና እነዚያ ማሽኖች ላይ በራሱ ይጫናል፣ ቪዲዮውን ደካማው ፕሮሰሰር ይረከበዋል፣ እጅ መዝለል ይጀምራል። ሲናገር ቃሉን የሚዘል ሰው ማን ይሰማዋል? የልጆቹ ክፍል ያበቃለታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን ምንም አልተሰማውም። "ነገ እመልሳለሁ" አለ። ነገ ሲመጣም ነገ አለ።

የተቆረጠው ቀን ሊደርስ ሲል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አክስቲቱ ቤት ልታጸዳ መጣች። አክስቲቱ የእናትየዋ ታናሽ ናት፤ አፏ አያርፍም፣ እጇም አያርፍም። መስኮቱን ከፈተች፣ ምንጣፉን አራገፈች፣ ወንድምየውን ከነወንበሩ ገፍታ ሥሩን ጠረገች።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የደነዘዝከው? ግድግዳው እንኳ ቢሆን አቧራ ሲይዘው ይታወቅበታል!"

"ደህና ነኝ አክስቴ።"

"ደህና መሆንህንማ አየሁት፤ ካልሲህ እንኳ ለየብቻ ነው። እህትህ ልትነግርህ የፈለገችው ነገር አለ። በርህ ድረስ ስትመጣ፣ ስትመለስ፣ ስትመጣ፣ ስትመለስ አያታለሁ።"

"ምን ፈልጋ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው 'ሻይ ትጠጫለሽ?' ማለት ብቻ ነው፤ እሱንም ኩባያ አንሥቼ ነው።"

ይህን ስትል እህትየዋ በሩ ላይ ቆማለች። ገባችና ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። ያው ኢሜይል ነው፤ ለእሷ የመጣው ላይ ግን ከታች አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ "ኮዱ ስለሚወጣ ያቀረቡት አቤቱታ ይዘጋል።"

ወንድምየው ስልኩን ተቀብሎ ጻፈ። "ይህ ላንቺ ለምን መጣ?"

እህትየዋ በአመልካች ጣቷ ደረቷን ነካች። ይህቺ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

አቤቱታዎቹ የሚቀመጡበትን ገጽ ከፈተ። ሳይዘጋ የቀረው አንድ ነው፤ አቅራቢው ራሱን "ሁለት እጅ" ብሎ ሰይሟል። "ቪዲዮው ልክ አይደለም" ይላል። "የወረደ እጅ ለቅጽበት ተመልሶ ላይ ይታያል። ልጆች ግራ ይጋባሉ። ናሙና አያይዣለሁ።" ከሥሩ የራሱ መልስ አለ፣ እናቱ ሳትሞት የሰጠው። "ናሙናውን አይቼዋለሁ። ሁሉም ምስል ልክ ነው። እኔ ጋ ችግር የለም።" ከዚያ ሥር የሁለት እጅ ሁለተኛ ጽሑፍ። "እባክህ በዓይንህ እየው።" ይህ የደረሰው እናትየዋ በሞተችበት ሳምንት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አልፎታል።

በነገራችን ላይ፣ "አይቼዋለሁ" ማለቱ በሙያው ቋንቋ ውሸት አይደለም። የሙያው ሰዎች ቪዲዮ አያዩም። ካርዱ የዘረጋውን ምስልና ፕሮሰሰሩ የዘረጋውን ምስል ማሽን ያወዳድራል፤ ቁጥሩ ከገጠመ ልክ ነው ይባላል። ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ማየት የሥራ ፈት ሥራ ነው። ወንድምየውም በማሽን አወዳድሮ፣ ቁጥሩ ገጥሞለት፣ መልሱን ጽፎ ነበር፤ ናሙናውን ግን አንድም ጊዜ ከፍቶ አላየውም።

አሁን ከፈተው። እህቱ ናት። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ፣ በእጇ ትናገራለች።

እቤት እናቷ ስላልሰማቻት፣ ወይም እሱ ስላልሰማት፣ ልክ እንደ ባዳ ሰው በአደባባይ ገጽ ላይ ጽፋለት ኖሯል። እሱም ልክ እንደ ባዳ ሰው "እኔ ጋ ችግር የለም" ብሎ መልሶላታል።

"ቁጭ በይ" አላት፤ ይህን በእጁ መናገር ስለማያውቅ ወንበር ስቦ። መሞከሪያው አሮጌ ማሽን ጠረጴዛው ሥር አቧራ ለብሶ ነበር፤ አክስቲቱ ማንም ሳያዛት በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። አሮጌው ካርድ ነቃ። ቪዲዮው ተጫወተ።

ወንድምየው ዓይኑን ተክሎ አየ። ምንም አልታየውም፤ እጅ ይወጣል፣ እጅ ይወርዳል። እህትየዋ ግን ጠረጴዛውን በጣቷ መታች። ደግሞ አጫወተው። እዚያው ቦታ ላይ መታች። አዝግሞ አጫወተው፤ አልመታችም። ምስሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ አወዳደረ፤ ቁጥሩ ገጠመ። በሙሉ ፍጥነት መልሶ ሲያጫውተው መታች። ወይ ጉድ! ሲፈትሹት ደህና፣ ሲተዉት በሽተኛ።

"የቱ ቃል ላይ ነው?" ብሎ ጻፈላት። እሱ የምልክቱን ትክክለኛ መንገድ ስለማያውቅ፣ እጁ ወደ ላይ መመለሱ ስህተት ይሁን ቃሉ ራሱ ይሁን መለየት አይችልም።

እህትየዋ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ በናሙናው ላይ የምትለውን ቃል በቃል ጻፈችለት።

"ወንድሜ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ይኖራል። ቋንቋዬን አያውቅም።"

ጣቷን "ቋንቋዬን" የሚለው ላይ አሳረፈች። ስህተቱ እዚህ ነው ለማለት ነው።

ከኋላ ቆማ የነበረችው አክስት "ውይ" አለችና መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች። አክስቲቱ ባንዲት ቃል ብቻ አንድ ክፍል ለቅቃ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ስለ ቤተሰብ የሚያስተምር ነው" ብላ ጨመረች እህትየዋ። "ቀላል ዓረፍተ ነገር ፈልጌ ነው።"

ወንድምየው ጻፈ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስንት ዓመት ነገርኩህ። ጠረጴዛ ላይ። ቋንቋዬን ተማር እያልኩ። እማዬ ትነግርህ አልነበር?"

"'እንዳትደክም ትላለች' ነበር የምትለኝ።"

እህትየዋ ይህን መስመር ደግማ አነበበችው። ከዚያ ጻፈች። "ለእኔ ደግሞ 'ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ እሞክራለሁ ይላል' ነበር የምትለኝ።"

ወንድምየው እንዲህ ብሎ አያውቅም። አንድም ቀን።

እናት ሁለቱንም እንዳይጣሉ ብላ፣ ከወዲህም ከወዲያም ያለውን እሾህ እየነቀለች፣ ለስላሳ ለስላሳውን ስታቀብላቸው ኖራለች። እህትየዋ እሞክራለሁ እያለ ይሸነግለኛል ብላ ስትናደድ፣ እሱ ደህና ነች ብሎ ሲበላ ኖረዋል። መቆጣት እንዳለበት ታወቀው። ማልቀስ እንዳለበትም ታወቀው። ጠበቀ፤ ሁለቱም አልመጡም። ስለዚህ ወደሚያውቀው ነገር፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ቋንቋዬን" የሚለው ቃል በናሙናው ውስጥ ፈጣኑ ነው፤ ሁለት እጅ ባንዴ ይበራል። ብዙ እንቅስቃሴ ብዙ ሥራ ነው፤ አሮጌው ካርድ እዚያ ጋ ይዘገያል። ኮዱ ግን ካርዱ "ጨረስኩ" እስኪል አይጠብቅም፤ ሄዶ ምስሉን ካለበት ያነሣል። ካርዱ ካልጨረሰ እዚያ ቦታ ያለው የቆየ ምስል ነው፤ እጁ ገና ላይ ያለበት። አዝግመው ሲያዩት ካርዱ ይደርሳል፤ ለማወዳደር ሲገለብጡትም መገልበጡ ራሱ ጊዜ ይሰጠዋል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ሁልጊዜ የሚገጥመው። ያለመጠበቁን መስመር ከዓመታት በፊት የጻፈው ራሱ ወንድምየው ነው፣ ፍጥነት ይጨምራል ብሎ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ሆነ። እስኪጨርስ ጠብቅ።

አጫወተው። እህትየዋ ጣቷን ከጠረጴዛው በላይ ሰቅላ አየች። ጣቷ አልወረደም። ደግሞ አጫወተው። እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አኖረች።

ያን ዕለት ከሰዓት ለሁሉም ጻፈ። "ተጠቃሚ አለ። ስህተትም ነበረ። አቤቱታ አቅራቢዋ ልክ ነበረች፤ እኔ ሳላይ መለስኩ። ማስተካከያውን ልኬያለሁ፤ ኮዱን እኔ እጠብቃለሁ።" ጠራጊው ወዲያው መለሰ። "ተመስገን! ዝም ስትል የሞትክ መስሎን ነበር።" ወንድምየው ብዙም አልተሳሳቱም ብሎ አሰበ።

ከሙያው ሰዎች መካከል አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሩቅ ቦታ፣ አንድ ክፍል ሙሉ አሮጌ ካርድ ሰብስበው የተቀመጡ። ሰው ኮዱን በነካ ቁጥር የሽማግሌው ማሽኖች ናሙናዎችን በሙሉ ፍጥነት ያጫውታሉ፤ ከካርዱ የወጣውን በሽቦ ተቀብለው ይፈትሻሉ። እሳቸው ጻፉ። "ልጄ፣ ናሙናውን ስጠኝ፤ ይህ ስህተት ዳግም እንዳይገባ እዚህ ይቀመጥ።"

ወንድምየው እህቱን ጠየቃት። ፊቷ ቀላ። "ሌላ ልቅረጽልህ" ብላ ጻፈች። "ሌላ ዓረፍተ ነገር። ይሄ ለሰው አይሰጥም።"

"ተይው" ብሎ ጻፈ። "እውነት ነው።"

ናሙናው ሄደ። ይኸው እዚያ ሩቅ ክፍል ውስጥ፣ ማንም የዓለም ሰው ያንን ኮድ በነካ ቁጥር፣ አንዲት ሴት ወንድሜ ቋንቋዬን አያውቅም ትላለች። ምን እንደምትል የሚያውቅ እዚያ የለም። ማሽኑ "አልፏል" ብሎ ለወንድምየው ይልካል።

ማስተካከያውን ሊጭን ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ልጆቹ አወቁት። የዚያ ዓረፍተ ነገር ሰውዬ! አንዷ ጣቷን ቀስራበት እጇን አበረረች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እህትየዋ ደንግጣ ልትቆጣቸው ስትዞር ወንድምየው እጁን አነሣ። ያንን ዓረፍተ ነገር ምስል በምስል ስላየው በዓለም ላይ እንደ እሱ የሚያውቀው የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደገመው። ወንድሜ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ይኖራል፣ ቋንቋዬን አያውቅም። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ፤ አንዱ መጥቶ አውራ ጣቱን አስተካከለለት።

ማታ እራት ቀረበ። አክስቲቱ የሠራችው ሾርባና ዳቦ። ወንድምየው ማንኪያውን አስቀመጠ። ዓረፍተ ነገሩን ትንሽ ሊለውጠው ፈልጓል፤ ከሰዓቱን ሙሉ ሲያሰላስለው ነበር። እጁን አነሣ። እህቴ። ከእኔ ጋር። አንድ ቤት። ትኖራለች። ቋንቋዋን። እዚህ ጋ የሚቀጥለው ጠፋበት። "እማራለሁ" በምን ይባላል? እጁ አየር ላይ እንዳለ፣ ሳያስበው፣ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ መሀሉ ወንበር አዞረ።

"እማዬ፣ ምን ነበር..."

ወንበሩ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ አመመው። ማደንዘዣው ለቀቀ፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ ባንዴ። እናቴ ሞታለች አለ በልቡ፤ ወሬውን ገና አሁን የሰማ ይመስል። እንባው ሾርባው ላይ ተንጠባጠበ። እጆቹ ግን አልወረዱም፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዘው እንደቆሙ ናቸው።

እህትየዋ አልተነሣችም። ቃሉን አላቀበለችውም፣ ፊቷንም አላዞረችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእጆቹ ሳትነቅል፣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።